የነርሶችን ሥነ ምግባር በየትኛው መንገድ እናስተምር? ሌክቸር፣ ኬዝ፣ ሮል ፕሌይ ወይስ ዋርድ

ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ የሌሊት ተረኞች ርክክብ ሊጀምሩ ሲሉ፣ የአንዱን ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) ቻርቶች አንድ በአንድ ገልጣችሁ የትንፋሽ ቁጥር የሚጻፍበትን ዓምድ ብቻ እዩ። 20፣ 20፣ 20፣ 20። የሳንባ ምች ያለበትም 20፣ ሄርኒያ ተሠርቶ ነገ ወደ ቤቱ የሚሄደውም 20። እስክሪብቶው አንድ፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ፣ ትንፋሹም አንድ። ያንን ሳትቆጥር የሞላችው ነርስ በሥነ ምግባር ኮርስ «ኤ» ያገኘች ልትሆን ትችላለች። «ቬራሲቲ» (እውነተኝነት) ምን ማለት ነው ብትሏት ሳትደናቀፍ ትመልሳለች።

ይህ መመሪያ ለነርስ መምህራን፣ ለክሊኒካል ኢንስትራክተሮችና በየሆስፒታሉ የሥራ ላይ ሥልጠና ለሚያዘጋጁ ባልደረቦች ነው። የማስተማሪያ መንገዶቹን ጎን ለጎን እናያቸዋለን። ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ይዘን ለሁሉም ሕመም ማዘዛችን ነው።

መጀመሪያ የተበጠሰው የቱ ጋ ነው?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ሬስት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሥነ ምግባር ድርጊትን በአራት ከፍሎ አስቀምጦታል። ሰው ትክክለኛውን ነገር እንዲያደርግ በመጀመሪያ ማየት አለበት፤ ፊቱ ያለው ነገር የሥነ ምግባር ጉዳይ መሆኑ ሊታየው ይገባል። ቀጥሎ የቱ ልክ እንደሆነ ይመዝናል። ሦስተኛ፣ ልክ ያለውን ከድካሙ፣ ከፍርሃቱና ከጥቅሙ ያስቀድማል። አራተኛ፣ ጀምሮ ሳይተወው ይፈጽመዋል፤ እዚህ ላይ ድፍረት ብቻ ሳይሆን የንግግርና የአሠራር ችሎታም ያስፈልጋል።

በየኮሌጁ የምናስተምረው በብዛት ሁለተኛውን፣ መመዘኑን ነው። በዋርድ ውስጥ የሚበጠሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ነው። ሃያ ጊዜ 20 የጻፈችው ነርስ መዋሸት ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች። ነገር ግን ከእሷ በፊት የነበሩት ሁሉ እንዲሁ ሲሞሉ አይታ ስለለመደችው ውሸት መሆኑ አይታያትም፤ ቢታያትም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እግሯ አይታዘዝላትም። ለ30 በሽተኛ ሁለት ነርስ ብቻ ካለ ደግሞ የጎደለው ሰው ነው። የሰው እጥረትን በሥነ ምግባር ሥልጠና ለማከም የሚሞክር ኃላፊ ሠልጣኞቹን ያስቆጣል፤ ቢቆጡም አይፈረድባቸውም። ሥልጠና ከማቀዳችሁ በፊት ይህን ለዩ።

ሌክቸር፦ ለሕጉና ለቃላቱ ብቻ

ሌክቸርን መናቅ ፋሽን ሆኗል፤ አንስማማም። አንድ መምህር ለ80 ተማሪ በአንድ ጊዜ የሚያደርሰው ነገር አለ፤ እሱም ሕጉ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው ሕክምና ወይም ምርመራ አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና ባለሙያ ሥነ ምግባርን በዝርዝር አስቀምጧል። የዓለም አቀፉ የነርሶች ካውንስል የሥነ ምግባር ደንብም አለ፤ መጀመሪያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን በ2021 ተሻሽሎ አራት ክፍል ይዟል፦ ነርስና ታካሚ፣ ነርስና ሥራዋ፣ ነርስና ሙያው፣ ነርስና የዓለም ጤና። ሕግ ስለሚሻሻል በየዓመቱ መጀመሪያ የምታስተምሩበት ቅጂ የሚሠራበት መሆኑን አረጋግጡ። የአምስት ዓመት ስላይድ እንደወረደ ማቅረብ እዚህ ኮርስ ላይ ከሌላው የበለጠ አደገኛ ነው።

ለዚህ ሁሉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚሄደው ጊዜ ወደ ታች የምናያቸውን የአራቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች ትርጉም ወደማስጠናት ይለወጣል፤ ለፈተና ይረዳል፣ ለዋርድ ግን እምብዛም።

ሌክቸሩ የሚበላሽበት አንድ የቋንቋ ጉዳይ አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪዋ በሽተኛዋን የምታናግረው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ነው። «ኦቶኖሚ»ን (የታካሚን ምርጫ ማክበርን) በአማርኛ ንገሩኝ ብትሉ ግማሹ ክፍል «ራስን በራስ ማስተዳደር» ይላል፤ የክልል ጉዳይ ይመስላል እንጂ የእናት አልጋ አይመስልም። «ጀስቲስ» ሲባል «ፍትሕ» ይሉና ዐሳባቸው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል ስታስተምሩ በሽተኛ ፊት የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አስከትሉ። ለኦቶኖሚ፦ «እማማ፣ ይህን መርፌ ልሰጥዎ ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገርዎት?» ለፕራይቬሲ፦ «መጋረጃውን እስክስብ አይግለጡ።» ተማሪዋ ቃሉን ለፈተናው፣ ዓረፍተ ነገሩን ለዋርዱ ትይዛለች።

የኬዝ ውይይት፦ ለመመዘን፣ በደንብ ከተሠራ ለማየትም

ከሁሉም መንገዶች ጥቂት ወጪ ጠይቆ ብዙ የሚሰጠው ይህ ነው፤ በየጊዜው የሚበላሸውም ይህ ነው። ኬዙ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፣ መልሱ ግልጽ አይሁን፣ ውሳኔውም የነርሷ ይሁን። ሦስተኛውን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ከሐኪም መማሪያ የተገለበጠ ኬዝ ላይ ነርሷ ተመልካች ሆና ትቀራለች። የሚሠራ ኬዝ ይህን ይመስላል፦

«የ58 ዓመት እናት ናቸው። ሆዴን ብለው ገብተው የጨጓራ ካንሰር መሆኑ በባዮፕሲ ተረጋግጧል። ትልቁ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያስቆምሽና፣ ‹ሲስተር፣ እባክሽ እንዳትነግሪያት። የጨጓራ ቁስለት ነው በያት። ካወቀች በዚያው ትወድቅብናለች› ይልሻል። ማታ መድኃኒት ስትሰጫቸው እናትየው እጅሽን ይዘው፣ ‹ልጄ፣ ልጆቼ ዐይኔን ማየት ፈርተዋል። ያለብኝ ምንድን ነው?› ይሉሻል።»

«ይነገራቸው ወይስ አይነገራቸው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል፤ ሞቅ ያለ ውይይት ይመስላል፣ ማንም ግን ምንም አይማርም። ጥያቄው «የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገርሽ ምንድን ነው?» ይሁን። እጇ ተይዟል፤ መመለስ አለባት። ያን ጊዜ ተማሪዎቹ ሁለት ነገር ያገኛሉ። አንደኛ፣ የምርመራ ውጤትን መንገር በተለምዶ የሐኪሙ ድርሻ ስለሆነ ነርሷ አልጋ ዳር ቆማ ልታፈርጠው አይገባም። ሁለተኛ፣ ይህ ለመዋሸት ፈቃድ አይሆናትም። በሁለቱ መካከል የሚገኘው መልስ እንዲህ ያለ ነው፦ «እማማ፣ እርስዎ ምን መስሎ ታየዎት?» ሰምታ ስትጨርስ፣ «ማወቅ እንደሚፈልጉ ለሐኪሙ ነግሬ፣ ሲያነጋግርዎ አብሬዎት እቆማለሁ።» ከዚያ እናትየው የጠየቁትን በራሳቸው ቃል ቻርት ላይ ትጽፋለች። ለልጁም፣ «እናትህ እኔን ጠይቀውኛል፤ ተደብቆ የሚቆይ አይደለም፤ ከሐኪሙ ጋር አብረን እንነጋገር» ትለዋለች።

እዚህ ላይ የመምህሩ ዳኝነት ያስፈልጋል። በእኛ አገር መርዶ እንኳ በሽማግሌ፣ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ልጁ እናቱን የሚጠብቅበት መንገድ ይህ ስለሆነ ክፉ አድርጋችሁ አታቅርቡት። እናትየው «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ቢሉ ይህም የእሳቸው ምርጫ ነው። ልዩነቱ የተጠየቁ መሆናቸው ነው። ኬዙን የጨረሰ ክፍል ብዙ ጊዜ ራሱ የሚደርስበት አሠራር አለ፦ ውጤት ከመምጣቱ በፊት፣ ካርድ ሲሞላ፣ «ውጤትዎ ሲመጣ ለማን እንዲነገር ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠይቆ መጻፍ።

ለ60 ደቂቃ እንዲህ ከፋፍሉት፦ 5 ደቂቃ ንባብ፣ 15 ደቂቃ በቡድን፣ ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል አውጡ («ሐኪሙ ‹ቤተሰቡ እንዳለው አድርጊ› ብሎ ሄደ»)፣ 10 ደቂቃ። ከዚያ ሦስተኛውን («በማግስቱ የኦፕሬሽን ስምምነት ቅጹን ልጁ ፈርሞበት አገኘሽ»)፣ 10 ደቂቃ። የቀረው 20 ደቂቃ በጋራ። ቡድን ከ8 እስከ 10 ሰው ይሁን። 80 ተማሪ ካላችሁ 8 ቡድን አድርጋችሁ እዚያው አዳራሽ አስቀምጧቸው። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ወረቀት ላይ ውሳኔውንና ውሳኔውን የሚቃወመውን ጠንካራ ምክንያት ይጻፍ። ሁለተኛው ከሌለ ወረቀቱን አትቀበሉ።

የተለመዱት ብልሽቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ማምለጫ ነው፤ ተማሪው «ሐኪሙን እጠይቃለሁ» ወይም «ኮሚቴ ይወስን» ብሎ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ኬዙ ውስጥ ነው፦ ሰዓቱ ከሌሊቱ 8፣ ሐኪሙ ስልክ አያነሳም። ሌላው ብልሽት መምህሩ ነው። መጀመሪያ የተናገረ መምህር የቀረውን ጊዜ የራሱን ዐሳብ ሲደገምለት ይሰማል። በመጨረሻ ተናገሩ፤ ሕጉን የሚጥስ መልስ ከተሰጠ ግን ሳታልፉት እዚያው አርሙ።

ለመመዘን በየትኛው ማዕቀፍ?

አራቱ መርሆዎች፣ ማለትም የታካሚን ምርጫ ማክበር፣ መጥቀም፣ አለመጉዳትና ፍትሐዊነት፣ በአንድ ሰዓት ይጠናሉ። ለችግሩ ስም ይሰጣሉ። ሲጋጩ ግን ዝም ይላሉ። ተማሪው ከላይ ያለውን ኬዝ ይዞ «ኦቶኖሚ ይነገር ይላል፣ አለመጉዳት አይነገር ይላል» ብሎ እዚያው ይቆማል።

ጆንሰን፣ ሲግለርና ዊንስሌድ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት አራት ሳጥን ደግሞ መረጃ መሰብሰቢያ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት በመስቀል ለአራት ትከፍላላችሁ። በመጀመሪያው ሳጥን ሕመሙና ሕክምናው፣ በሁለተኛው ታካሚው የሚፈልገው፣ በሦስተኛው የኑሮው ሁኔታ ከሕክምናው በፊትና በኋላ፣ በአራተኛው ዙሪያው ማለትም ቤተሰብ፣ ገንዘብ፣ ሃይማኖት፣ ሕግ። በጨጓራ ካንሰሩ ኬዝ ላይ ሞክሩት። አንደኛው ሳጥን ይሞላል፤ አራተኛው ሞልቶ ይተርፋል፤ ሁለተኛው ባዶ ነው። እናትየውን ማንም አልጠየቃቸውም። ባዶው ሳጥን ራሱ የሚቀጥለውን ሥራ ይናገራል፤ ነርስ ደግሞ ከሁሉም ባለሙያ አልጋው አጠገብ ብዙ ሰዓት ስለምትቆይ ያንን ሳጥን ለመሙላት የተሻለ ቦታ ላይ ናት። ስለዚህ ለዋርድ ሥራ የምንመርጠው ሳጥኑን ነው፤ መርሆዎቹን ለስም መስጫና ለፈተና ያዙ።

ሦስተኛው ዓይነት «ችግሩን ለይ፣ መረጃ ሰብስብ፣ አማራጮቹን ዘርዝር፣ ምረጥ፣ ፈጽም፣ ገምግም» የሚለው ደረጃ በደረጃ ዝርዝር ነው። የነርሲንግ ፕሮሰስን (ነርስ ታካሚን የምትንከባከብበትን ደረጃ በደረጃ አሠራር) ስለሚመስል ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ይቀላል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ሳጥን ለመሣል ጊዜ በሌለበት ድንገተኛ ክፍል ደግሞ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሳላውቀው የምወስንበት ነገር አለ? ሳይጠየቅ የቀረ ሰው አለ? ያደረግሁትን ጠዋት ርክክብ ላይ በሙሉ ድምፅ እናገረዋለሁ?

ሮል ፕሌይ፦ አፍ እንዲፈታ

ልክ የሆነውን ማወቅና መናገር ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ተረኛው ሐኪም ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበጠበጥ በቀጥታ በደም ሥር እንድትሰጥ ነርሷን አዘዘ እንበል። የሚመዘን ነገር የለም፤ በዚህ መንገድ ከተሰጠ ልብ ሊያቆም እንደሚችል እያንዳንዱ ተማሪ ያውቃል። የሚከብደው አፍ ነው። ተማሪዎቹን አስነስታችሁ ብታዩ አብዛኞቹ ተቃውሟቸውን ወደ ጥያቄ ለውጠው ያንሾካሹካሉ፦ «ዶክተር፣ እንዲሁ ነው የሚሰጠው?» ሐኪሙ ቀና ሳይል «አዎ» ይላል። አለቀ። ትሕትናችን በጥያቄ መልክ መናገርን አስተምሮናል፤ ለቡና ጥሩ ነው፣ ለፖታሲየም አይሆንም።

ሦስት ደረጃ ያለው ንግግር አስለምዷቸው። ስጋትን በዓረፍተ ነገር መናገር፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ፖታሲየሙ ሳይበጠበጥ የሚለው አሳስቦኛል።» ምክንያትና አማራጭ፦ «በቀጥታ ከገባ ልቡ ሊቆም ይችላል። በኖርማል ሳላይን በጥብጠን በዝግታ እንስጠው።» ማቆምና ቀጣዩን እርምጃ ማሳወቅ፦ «በዚህ መንገድ መስጠት አልችልም። ለሲኒየሩ እየደወልኩ ነው።» ይቅርታውና «ዶክተር» የሚለው ይኑር፤ አክብሮት መልእክቱን አያዳክምም። የሚያዳክመው የጥያቄ ምልክቱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሦስት ሦስት ሰው፦ ነርስ፣ ሐኪም፣ ታዛቢ። 5 ደቂቃ ጨዋታ፣ 10 ደቂቃ ውይይት፣ ከዚያ ያንኑ ትዕይንት 3 ደቂቃ እንደገና። ድጋሚው እንዳይቀር፤ ትምህርቱ ያለው እሱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ጉድለቱን ያሳያል፣ ሁለተኛው ልማድ ያስይዛል፤ ጊዜ አጠረን ብለው የሚቆርጡት ግን ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው። ታዛቢው ሦስት ነገር ብቻ ምልክት ያድርግ፦ ስጋቱ እንደ ዓረፍተ ነገር ተነገረ? ምክንያቱ ተጠቀሰ? ቀጣዩ እርምጃ ተገለጸ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች በሳቅ ያልቃሉ፤ ተዉት፣ ያልፋል። ሐኪሙን የሚጫወተው ተማሪ ጯሂ አድርጎ ካጋነነው ግን አስቁሙ። አስቸጋሪው የሚጮኸው ሐኪም አይደለም፤ ጨዋና የቸኮለው ነው። አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። የሞት ወይም የመርዶ ትዕይንት ካለ ማን ሐዘን ላይ እንዳለ ቀድማችሁ በግል ጠይቁ። ጥቁር የለበሰችን ተማሪ እናቷን ያጣች ልጅ ሆና እንድትጫወት ማድረግ ማስተማር አይደለም። ታዛቢ ትሁን፤ ምክንያቱንም ማንም አይጠይቃት።

የሠለጠነ አስመሳይ ታካሚ (ታካሚ ሆኖ የሚተውን ሰው) መጠቀም የዚሁ ውድ ወንድም ነው። ለፈተና ግሩም ነው፣ ሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ታካሚ ያገኛልና። ለዕለት ተዕለት ትምህርት ግን ወጪውን አይመልስም።

ዋርድ፦ የሚሠራበትም የሚፈርስበትም

ክፍል ውስጥ «መጋረጃ ሳትስቡ አታጋልጡ» ያልነው ተማሪ፣ ኢንስትራክተሩ ራሱ በስድስት ሰው ፊት ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ሲያስገባ ካየ የሚወስደው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ካላችሁ ለፕሬሴፕተሮች (ተማሪን ዋርድ ላይ ለሚያሠለጥኑ ነርሶች) የግማሽ ቀን ሥልጠና አውሉት። ከሦስት ነገር አትለፉ፦ ራስን አስተዋውቆ ፈቃድ መጠየቅ፣ መጋረጃ፣ ተማሪ ስህተት ሲናገር በበሽተኛ ፊት አለማዋረድ። ጤና ሚኒስቴር ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከትራንስፎርሜሽን አጀንዳዎቹ አንዱ ካደረገው ቆይቷል፤ መፈክሩ በየግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ተማሪው የሚያነበው ግን ግድግዳውን ሳይሆን የፕሬሴፕተሩን እጅ ነው።

ለሥራ ላይ ባለሙያዎች ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በሳምንት አንድ ቀን ርክክብ ላይ የሚነሳ የ5 ደቂቃ ጥያቄ ነው፦ «በዚህ ሳምንት ልክ አልመሰለኝም ያላችሁት ነገር ምን ነበር?» ርካሽ ነው፣ ማየትን ያሠለጥናል፤ ጥልቀት የለውም። ሁለተኛው በሁለት ሳምንት አንዴ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የሚካሄድ የኤቲክስ ራውንድ ነው፤ አንድ እውነተኛ ጉዳይ በአራቱ ሳጥን ይታያል።

ራውንዱ የሚሞትበት ምክንያት አንድ ነው፤ ግምገማ ይመስላል። በአገራችን «ግምገማ» የሚለውን ቃል የሰማ ሠራተኛ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሌላውን ይከሳል። ስለዚህ ቃሉን አትጠቀሙ፤ ሜትሮኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) አትምራው፣ ቢቻል ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው ይምራው። ቃለ ጉባኤ ላይ ስም አይጻፍ፤ የሚጻፈው ከውይይቱ የወጣው የአሠራር ለውጥ ብቻ ነው። ለውጡም ትንሽና የሚታይ ይሁን፦ «ከሰኞ ጀምሮ የስምምነት ቅጽ ላይ ከታካሚው ሌላ ሰው ከፈረመ ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፋል።» ሦስት ራውንድ አልፎ ምንም ካልተለወጠ አራተኛው ላይ ማንም አይመጣም።

አንድሪው ጄምተን እ.ኤ.አ. በ1984 ስም የሰጠው የኅሊና ጭንቀት፣ ልክ የሆነውን እያወቁ በተቋሙ አሠራር ምክንያት ማድረግ አለመቻል፣ የሚተነፍሰውም እዚህ ነው። አንድ ብቻ ያለ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅን የሚያዘጋጅ መሣሪያ) ሁለት ሕፃናት ሲፈልጉት ያየች ነርስ ሌክቸር አያስፈልጋትም። ማን በምን መስፈርት እንደወሰነ መስማትና በሚቀጥለው ጊዜ ውሳኔው በእሷ ትከሻ ብቻ እንደማይወድቅ ማወቅ ትፈልጋለች።

የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ዓመታት የሠሩበት የቡድን ሥልጠና፣ የተለያየ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጤና ጣቢያ አብረው የሚወጡበት፣ ለዚህ ሁሉ የተመቸ አጋጣሚ ነው። ያንኑ የፖታሲየም ትዕይንት የነርስ ተማሪዋ ከእውነተኛ የሕክምና ተማሪ ጋር ትለማመደው። ነገ ትእዛዝ ሰጪና ተቀባይ ከመሆናቸው በፊት ዛሬ አብረው ሽሮ የሚበሉ እኩዮች ናቸው።

ማስታወሻ መጻፍ

የነጸብራቅ ማስታወሻ ለማየት ይረዳል፣ ሁለት ሁኔታ ከተሟላ። በሚናገሩበት ቋንቋ ይጻፉት፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሁሉም ማስታወሻ አንድ ዓይነት ይሆናል። ለይዘቱም ነጥብ አትስጡ፤ ነጥብ ካለ ተማሪው ያልተፀፀተበትን ፀፀት ይጽፋል። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የአልጋ ቁጥር አይገባም። ግማሽ ገጽ፣ በአንድ አታችመንት (በአንድ ክፍል በሚደረግ የተግባር ልምምድ ጊዜ) አንዴ። በየሳምንቱ ካዘዛችሁት ይገለበጣል።

ብቻውን የቆመ ኮርስ ወይስ በየኮርሱ የተበተነ?

ብቻውን ሲቆም መምህር አለው፣ ሰዓት አለው፣ ፈተና አለው፤ ግን ብዙ ጊዜ ተማሪው በሽተኛ ሳያይ በፊት ይመጣና ይረሳል። በየኮርሱ ሲበተን በሰዓቱ ይመጣል፤ ግን የሁሉም ሲሆን የማንም ይሆናል፣ ሰዓት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። የምንመክረው ትንሽ ኮርስ ከፊት፣ ከዚያ በእያንዳንዱ አታችመንት አንድ አስገዳጅ ኬዝ ነው፦ በሜዲካል ውጤት መንገር፣ በሰርጂካል ስምምነት፣ በማዋለጃ ክብርና ፈቃድ፣ በሕፃናት የወላጅ እምቢታ፣ በሳይካትሪ ታካሚን አልጋ ላይ ማሰር። በወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ፊት የአንድ ኃላፊ ስም ካልተጻፈ ግን አይሠራም።

ፈተናው

ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ችሎታን በአራት እርከን ከፍሎታል፦ ያውቃል፣ እንዴት እንደሆነ ያውቃል፣ ያሳያል፣ ያደርጋል። ምርጫ ጥያቄ የመጀመሪያውን ይለካል፤ ለሕጉ ተጠቀሙበት፣ የብቃት ምዘናውም በዚያ መልክ ስለሆነ ልምምዱ አይጎዳም። አጭር የጽሑፍ ኬዝ ሁለተኛውን ይለካል። ሦስተኛውን የሚለካው ኦስኪ (በጣቢያ ተከፋፍሎ የሚሰጥ የተግባር ፈተና) ነው። 8 ደቂቃ፣ አንድ አስመሳይ ታካሚ፦ ቀዶ ሕክምና የታዘዘላት እናት፣ «ባለቤቴ ይፈርማል፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። መመዘኛው ስድስት ይሁን፦ ተፈታኟ ራሷን አስተዋወቀች፤ እናትየው የምታውቀውን ጠየቀች፤ በግልጽ ቋንቋ አስረዳች፤ እምቢ ማለት እንደሚቻል ተናገረች፤ የገባትን በራሷ ቃል እንድትመልስ ጠየቀች፤ ባልየው እንዲገኝ ፈቃዷን ጠየቀች። የመጨረሻውን የሚስቱት ብዙ ናቸው፤ ወይ ባልየውን ያባርሩታል፣ ወይ ውሳኔውን ይሰጡታል።

ከሥልጠና በፊትና በኋላ የሚሞላ የአመለካከት መጠይቅ ለሪፖርት ያምራል እንጂ ብዙ አይናገርም፤ የትኛው መልስ «ጥሩ» እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አራተኛውን እርከን ማየት ከፈለጋችሁ የትንፋሽ ቁጥሩን ዓምድ ከሥልጠናው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ቁጠሩ። የማንም ስም ሳይያዝ፣ ከስንት ቻርት ስንቱ 20 ነው።

ለማን የቱ?

አንድ መምህርና 80 ተማሪ ካላችሁ፦ 4 ሰዓት ሌክቸር፣ 6 ሰዓት የአዳራሽ ኬዝ ውይይት፣ 2 ሰዓት በሦስት ሦስት የተከፈለ ሮል ፕሌይ። ጩኸቱን ቻሉት። ስድስት ነርስ ያለው ጤና ጣቢያ ከሆነ የሳምንቱ የ5 ደቂቃ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፤ ኮሚቴ አታቋቁሙ። አዲስ ተመራቂ ለሚቀበል ሆስፒታል ከሕጉ በፊት የሦስቱን ደረጃ ንግግር አስለምዱ፤ በመጀመሪያው ወር ያስፈልጋቸዋል።

ሆስፒታሉ የፈቀደላችሁ ሐሙስ ከሰዓት 40 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ስላይድ አትክፈቱ። 5 ደቂቃ ኬዙን አንብቡ፤ 10 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው ሳጥኖቹን ይሙሉ፤ 5 ደቂቃ የቱ ሳጥን ባዶ እንደቀረ ተነጋገሩ፤ 15 ደቂቃ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ቆመው፣ በአማርኛ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ይናገሩ። በቀረው 5 ደቂቃ እያንዳንዱ በራሱ ክፍል የገጠመውን አንድ ጉዳይ ስም ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ያስቀምጥ፤ የሚቀጥለው ሐሙስ ኬዝ ከዚያ ይወጣል።